አንዴ ተልኮ ለብዙዎች የሚደርስ መልእክት፦ የመልቲካስት አድራሻ አሠራር

ከዲላ ወደ ደቡብ፣ ይርጋ ጨፌን አልፎ እስከ ገደብና ወርቃ በተዘረጋው የጌዴኦ ቡና አብቃይ አገር፣ ብዙ ሰው በአንድ ሰዓት የሚፈልገው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ ከሩቅ የሚመጣ ነው፤ የቴሌቪዥን ትምህርትም ሆነ የምርት ገበያ የቡና ዋጋ መነሻው አዲስ አበባ ሲሆን፣ ተቀባዩ ግን በየትምህርት ቤቱና በየገበያው የተበተነ ነው። አንድን ነገር ለብዙዎች እኩል ማድረስ በኮምፒውተር ኔትወርክ ውስጥ ቀላል የሚመስል፣ ሲሠሩት ግን መስመር የሚያጨናንቅ ጉዳይ በመሆኑ፣ መልቲካስት የተባለው የአድራሻ ሥርዓት የተፈጠረው ይህንኑ ለማቃለል ነው።

ኔትወርክ መረጃን የሚያጓጉዘው ፓኬት በሚባሉ ትንንሽ ጥቅሎች ከፋፍሎ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ፓኬት የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ይይዛል። በተለመደው አሠራር፣ ማለትም በዩኒካስት፣ ተቀባዩ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ 40 ኮምፒውተሮች ባሉት የትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ሁሉም ተማሪ በሰከንድ 4 ሜጋቢት የሚፈጅ አንድ ዓይነት ቪዲዮ በአንድ ጊዜ ቢከታተል፣ ያው ምስል 40 ጊዜ እየተገለበጠ 160 ሜጋቢት መስመር ይይዛል። ብሮድካስት ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ፓኬቱ አንዴ ተልኮ በአካባቢው ኔትወርክ ላለ መሣሪያ ሁሉ ይደርሳል፣ ነገር ግን ያልፈለገውም ሳይቀር ተቀብሎ እንዲመረምረው ይገደዳል፣ ኔትወርኮችን እርስ በርስ የሚያገናኙት ራውተሮችም ከአካባቢው ኔትወርክ ውጭ አያሳልፉትም። መልቲካስት በሁለቱ መካከል የቆመ ሆኖ፣ ላኪው አንዴ ብቻ ይልካል፣ የሚደርሰውም ለጠየቁት ብቻ ነው።

ለኢትዮጵያ አንባቢ የዚህ ነገር ቅርብ ዘመድ የሚሆነው በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተጀመረውና ተማሪው በአጭሩ «ፕላዝማ» ሲለው የኖረው የሳተላይት ትምህርት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሳተላይት የወጣው አንድ ሥርጭት ዲሽ በተተከለበት ትምህርት ቤት ሁሉ ይወርድ ስለነበር፣ የተቀባዮቹ ቁጥር ቢጨምርም በላኪው ላይ የሚጨምር ሸክም አልነበረም። ሰማዩ ይህን በነጻ ይሰጣል፤ መሬት ላይ በተዘረጋ ገመድ ግን ፓኬቱ የት የት መሄድ እንዳለበት የሚወስን ሥርዓት ያስፈልጋል።

የሥርዓቱ መሠረታዊ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይመራመር የነበረው ስቲቭ ዲሪንግ ባዘጋጀው አርኤፍሲ 1112 በተባለ ሰነድ ነው። አይፒ በተባለው የኢንተርኔት አድራሻ ደንብ አራተኛ ስሪት አንድ አድራሻ 32 ቢት፣ ማለትም 32 የዜሮና የአንድ ምልክቶች፣ ያሉት ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ አራት 1110 ከሆኑ አድራሻው የመልቲካስት ነው፤ ይህም ከ224.0.0.0 እስከ 239.255.255.255 ያለውን ሁሉ ይይዛል። እንዲህ ያለ አድራሻ እንደ ዕድር ስም ነው፤ የአንድን ሰው ቤት አያመለክትም፣ አባሉ ቢገባም ቢወጣም ስሙ አይለወጥም። በዚህም ምክንያት የመልቲካስት አድራሻ የፓኬት መድረሻ እንጂ መነሻ ሆኖ አይጻፍም። ከእነዚህ አድራሻዎች በ224.0.0 የሚጀምሩት በአንድ አካባቢ ኔትወርክ ውስጥ ብቻ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ለምሳሌ 224.0.0.1 መልቲካስት የሚቀበሉትን የአካባቢውን መሣሪያዎች በሙሉ ይጠራል፤ በ239 የሚጀምሩት ደግሞ አንድ ተቋም በግቢው ውስጥ እንደፈቀደ እንዲጠቀምባቸው የተተዉ ናቸው።

ከአድራሻው ይልቅ የሚያስደንቀው ግን ላኪው ተቀባዮቹን ጨርሶ አለማወቁ ነው። በአንድ የመልቲካስት አድራሻ የሚጠራ ቡድን አባል መሆን የሚፈልግ ኮምፒውተር ጥያቄውን አይጂኤምፒ በተባለ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የመግባቢያ ደንብ፣ ለቅርብ ራውተሩ ያሳውቃል፤ ራውተሩም ፒም በተባለ ሌላ ደንብ ወደ ምንጩ አቅጣጫ ላለው ራውተር ያስተላልፋል፣ ጥያቄውም ያንኑ ሥርጭት አስቀድሞ ከሚቀበል ራውተር እስኪደርስ ድረስ ይቀጥላል። መንገዱ የሚሠራው ስለዚህ ከተቀባዩ ወደ ላኪው ነው። በዲላ፣ በይርጋ ጨፌና በወርቃ ያሉ ትምህርት ቤቶች በእንዲህ ያለ ኔትወርክ አንድ ትምህርት ቢከታተሉና መስመራቸው ዲላ ላይ ቢለያይ፣ ከአዲስ አበባ እስከ ዲላ የሚጓዘው አንድ ቅጂ ብቻ ሆኖ፣ ቅጂው የሚባዛው መንገዱ በሚለያይበት ቦታ ነው፤ የወርቃው የመጨረሻ ተመልካች ሲወጣም ወደዚያ የሚሄደው ፍሰት ይቆማል። መስመሩ በቀጠነ ቁጥር ጥቅሙ ስለሚጎላ፣ ከዋናው መስመር ርቀው ለሚገኙ ወረዳዎች ከዚህ የተሻለ የሥርጭት ዘዴ ማግኘት ያስቸግራል።

ጉድለቱም ከፕላዝማ ጋር ይመሳሰላል። መልቲካስት በአብዛኛው የሚጫነው ዩዲፒ በተባለ፣ መድረሱን በማያረጋግጥ ደንብ ላይ በመሆኑ፣ በመንገድ የጠፋ ፓኬት በራሱ ተመልሶ አይላክም፤ መብራት ጠፍቶበት ያመለጠውን ክፍል ፕላዝማው እንዳልጠበቀው ሁሉ፣ ሥርጭቱም ዘግይቶ የገባውን አይጠብቅም። በዓለም አቀፉ ኢንተርኔት ላይ ያልተስፋፋበት ምክንያት ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 ኤምቦን በተባለ የሙከራ ኔትወርክ ድምፅና ምስል በተለያዩ አገሮች ላሉ ተከታታዮች ተሠራጭቶ ነበር፤ ሆኖም በመንገዱ ላይ ያለ እያንዳንዱ ራውተር የእያንዳንዱን ቡድን መዝገብ መያዝ ስላለበት፣ አገልግሎት ሰጪ ድርጅቶችም በመካከላቸው የሚከፋፈሉበት የክፍያ ሥርዓት ስላልተበጀለት፣ ተመልካቹም ቪዲዮ በፈለገው ሰዓት መክፈትን ስለመረጠ፣ ዩቲዩብን የመሳሰሉት ለእያንዳንዱ ተመልካች ለብቻው መላክን ቀጥለዋል። መልቲካስት ዛሬ የሚሠራው በአብዛኛው አንድ ባለቤት በሚያስተዳድረው ኔትወርክ ውስጥ፣ ማለትም በኢንተርኔት ቴሌቪዥን አቅራቢዎች፣ በትልልቅ የአክሲዮን ገበያዎች የዋጋ ሥርጭትና በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ነው።

በእንዲህ ያለ ግቢ የሚሠራ ባለሙያ የሚጠነቀቅበት አንድ ነገር አለ። ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ የሚያገናኘው ስዊች ሥርጭቱን ለአባላቱ ብቻ ለይቶ እንዲሰጥ የአይጂኤምፒ መልእክቶችን እያዳመጠ የአባላት መዝገብ ይይዛል፤ መዝገቡ እንዲታደስ ደግሞ «አሁንም አላችሁ?» እያለ በተለመደው ልክ በየ125 ሰከንዱ የሚጠይቅ ራውተር ወይም ስዊች ሊኖር ይገባል። ጠያቂ ካልተመደበ፣ ሥርጭቱ በደንብ ጀምሮ ከአራት ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል በኋላ ገመዱም ሥርጭቱን የሚልከው ኮምፒውተርም ደህና እንደሆኑ ይቋረጣል።