ስለ አትክልት ሥራና ስለ ልብ ዕረፍት

አዳም በገነት መጀመሪያ የተሰጠው ሥራ አትክልት ማበጀትና መጠበቅ እንደ ነበረ ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ይናገራል። እንግዲህ የአትክልተኛነት ሥራ ከሹመት ሁሉ በፊት የነበረ ሹመት ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በሰው ልብ ላይ ያለውን ኃይል ለመመርመር ግን በአንድ ዘመን የኖሩትን ሁለት አትክልተኞች መመልከት ይበቃል፤ አንዱ የሮም ቄሣር ዲዮቅልጥያኖስ፥ ሁለተኛውም የመነኮሳት አባት ቅዱስ እንጦንስ ነው።

ዲዮቅልጥያኖስ በ284 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) ነገሠ፤ የግብጽ ክርስቲያኖችም ዘመነ ሰማዕታትን የሚቈጥሩት ከዚሁ ዓመት አንሥተው ነው። በ303 አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፥ ቅዱሳት መጻሕፍትም እንዲቃጠሉ አዘዘ። ሕመም ከጠናበት በኋላ ግን በ305 ዘውዱን አውርዶ በሳሎና አቅራቢያ በባሕር ዳር ባሠራው ግቢ ተቀመጠና ጎመን ይተክል ጀመር። ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ መንግሥት እንዲመለስ ቢለምኑት፥ በእጁ የተከለውን ቢያዩ ኖሮ ይህን ልመና ባላሰቡት ነበር ብሎ መለሰ ይባላል። ሃያ ዓመት በትእዛዝ የኖረ ሰው ለትእዛዝ የማይገዛ ነገር አገኘ፤ ጎመን በዐዋጅ አይበቅልምና። ከሹመት ወርዶ ዕረፍት ያላገኘ ሰው የሚያውቅ ሁሉ ይህን እንደ ጥቂት ነገር አይቈጥረውም። ነገር ግን ስላፈሰሰው ደም ተጸጸተ የሚል ወሬ አልተጻፈለትም፤ አትክልቱ አሳረፈው እንጂ አልለወጠውም።

ቅዱስ እንጦንስ ደግሞ በ311 ስደቱ ሲበረታ እስክንድርያ ወርዶ በወህኒ ያሉትን ምእመናን አገለገለ። ከዚያም ወደ ቀይ ባሕር አቅጣጫ ባለው ተራራ ሥር በተቀመጠ ጊዜ፥ እንጀራ የሚያመጡለት ሰዎች በበረሃው መንገድ እንዳይደክሙ አስቦ ዶማና መጥረቢያ፥ ጥቂትም እህል አስመጥቶ ቈፍሮ ዘራ። እንግዶች መብዛታቸውን ባየ ጊዜም ከድካማቸው እንዲያርፉበት አትክልት ጨመረ። ውኃ ሊጠጡ የሚመጡ አራዊት ግን ተክሉን አበላሹበት። የደከመበት ሥራ በአንድ ሌሊት የጠፋበት ሰው የሚሰማውን ቍጣ የማያውቅ ገበሬ የለም፤ ዱላ ቢያነሣም የሚፈርድበት አይገኝም። እርሱ ግን ከአራዊቱ አንዱን በቀስታ ያዘና፥ ያልበደላቸውን ሰው ስለ ምን እንደሚበድሉ ጠይቆ ሁሉንም በእግዚአብሔር ስም አሰናበታቸው። ከዚያ ወዲያ ወደ ስፍራው አልቀረቡም ይላል ገድሉን የጻፈው አትናቴዎስ።

የቄሣሩ ግቢ ዛሬ በስፕሊት ከተማ መካከል ቤትና ሱቅ ሞልቶበታል። በእንጦንስ ተራራ ሥር ያለው ገዳም ግን ምንጩ አልደረቀም፤ መነኮሳቱም ተምርና ወይራ ይንከባከባሉ።