የድራይቨር ኮድን ማጽዳትና የፈንክሽን ስያሜ፦ ገምጋሚው ምን ይመርምር?



የዛሬው ገለጻዬ ብዙዎች እንደ ቀላል ሥራ ስለሚቆጥሩት ስለ ኮድ ማጽዳት ነው። በተለይም በሊኑክስ ከርነል ድራይቨሮች ውስጥ የፈንክሽን ስም ሲለወጥ ገምጋሚው ምን ሊያስተውል እንደሚገባ እንመለከታለን። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የፈንክሽንን ስም የሚያወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ የቸኮለ ፕሮግራመር ነው።

ታይመርን እንደ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር ገመዱ መሰካቱን በየጊዜው ለማረጋገጥ ታይመር ይሞላል እንበል። ጊዜው ሲደርስ የተመደበው ፈንክሽን ይጠራል፤ እርሱም ሥራውን ፈጽሞ ታይመሩን እንደገና ይሞላዋል። ካርዱ ሲነቀል ደግሞ ድራይቨሩ ታይመሩን አስቁሞ የያዘውን ማህደረ ትውስታ መመለስ አለበት። ለዚህ ተግባር ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት «ደል_ታይመር» እና «ደል_ታይመር_ሲንክ» ናቸው። የመጀመሪያው ታይመሩን ከወረፋው ያወጣል እንጂ በሌላ ፕሮሰሰር ላይ ሥራ የጀመረውን ፈንክሽን አይጠብቅም። ሁለተኛው እስኪጨርስ ድረስ ይጠብቃል።

ይሁን እንጂ ሁለቱም ታይመሩ ዳግመኛ እንዳይሞላ አይከለክሉም። ስማቸው «ሰርዝ» ስለሚል አንባቢ ነገሩ ያበቃለት ይመስለዋል። ታይመሩ ለሥራ ወረፋ ተግባር የሚያስተላልፍ፣ ያም ተግባር በተራው ታይመሩን የሚሞላ ቢሆን፣ ከስረዛው በኋላ ወረፋ ላይ የቀረው ተግባር መልሶ ሊሞላው ይችላል። ማህደረ ትውስታው ከተመለሰ በኋላ ጊዜው ሲደርስ ከርነሉ የእርሱ ያልሆነን ቦታ ይነካል። ሲቀል ማሽኑ ይወድቃል፤ ሲከፋ ለአጥቂ በር ይከፈታል።

መፍትሔው በ2023 በወጣው 6.2 ሥሪት መጣ። «ታይመር_ሻትዳውን_ሲንክ» የተባለው አዲስ ፈንክሽን እንደ ቀድሞው ከጠበቀ በኋላ ታይመሩ የሚጠራውን ፈንክሽን አድራሻ ያጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ለመሙላት የሚደረግ ሙከራ ሁሉ በዝምታ ይታለፋል። በዚሁ ሥሪት «ታይመር_ዲሊት_ሲንክ» የተባለው ስም ለነባሩ ፈንክሽን ተሰጠ፤ አሮጌዎቹ ስሞች በ2025 በ6.15 ሥሪት ከመላው ከርነል ተወገዱ። ሁሉም የቤተሰቡን ስም አስቀድመው መጥራታቸው፣ በእኔ ግምት፣ ቀላል የማይባል ጥቅም አለው፤ አንዱን የፈለገ ሰው ሌሎቹን ጎን ለጎን ያገኛቸዋልና።

የገምጋሚው ፈተና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። «ደል_ታይመር_ሲንክ»ን በ«ታይመር_ዲሊት_ሲንክ» መተካት የስም ለውጥ ብቻ ነው። በ«ታይመር_ሻትዳውን_ሲንክ» መተካት ግን የጠባይ ለውጥ ነው። በፓች ላይ ሲታዩ ሁለቱም አንድ መስመር ወጥቶ አንድ መስመር የገባባቸው ናቸው፤ ዓይን በቀላሉ ይሸወዳል። ለውጡ ካርዱ በሚነቀልበት ፈንክሽን ውስጥ ከሆነ መልካም ነው። ላፕቶፑ ሲያንቀላፋ በሚጠራው ፈንክሽን ውስጥ ከሆነ ግን፣ ማሽኑ ሲነቃ ድራይቨሩ ታይመሩን እንደ አዲስ ካላዘጋጀው በስተቀር፣ የገመዱ ቁጥጥር እስከ ወዲያኛው ይቆማል። የስህተት መልእክት አይወጣም፤ ተጠቃሚው ኔትወርኩ ለምን እንደጠፋ ሳያውቅ ይቀራል።

ተመሳሳይ ወጥመድ በጽሑፍ ቅጂም ላይ አለ። በ2024 በ6.8 ሥሪት የተወገደው «ስትርኤልሲፒዋይ» የምንጩን ጽሑፍ ሙሉ ርዝመት ይመልስ ነበር፤ ተተኪው «ስትርኤስሲፒዋይ» የተቀዳውን ርዝመት፣ ጽሑፉ ከተቆረጠ ደግሞ አሉታዊ ቁጥር ይመልሳል። የተመለሰውን ዋጋ የሚጠቀም ኮድ ካለ መተካቱ ጽዳት አይደለም።

እንግዲህ «የስም ለውጥ ብቻ ነው» የተባለ ፓች ሲቀርብላችሁ በዓይን ብቻ አትመኑ። ኮዱን ከለውጡ በፊትና በኋላ ኮምፓይል አድርጋችሁ የማሽን ኮዱን አነጻጽሩ። የመስመር ቁጥርንና የስም ሰንጠረዥን ከመሳሰሉ ጥቃቅን ልዩነቶች በቀር የማሽን ትእዛዞቹ አንድ መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ፓቹን መልሱና ላኪው ስያሜውን ለብቻ፣ የጠባይ ለውጡንም ከነምክንያቱ ለብቻ አድርጎ እንዲያቀርብ ጠይቁ። ከወራት በኋላ ስህተት የሚፈልግ ሰው አንዱን ሳይነካ ሌላውን መቀልበስ የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው።