ለጆሮ የተሠራ ቤት

በዌልስ፣ ከስዋንዚ ከተማ መሃል በስተሰሜን ባለችው ሞሪስተን፣ የመዳብና የቆርቆሮ ሠራተኞች በኖሩባቸው ቤቶች መካከል፣ ረጅም ሹል ማማ ብቅ ይላል። ከሩቅ ያየው ካቴድራል ይመስለዋል። ታበርናክል የሚባለው ይህ ሕንፃ ግን ጳጳስ የሌለው የጸሎት ቤት ነው። በጆን ሃምፍሪ ንድፍ ተሠርቶ በ1872 እ.ኤ.አ. ተከፈተ።

የዌልስ ጸሎት ቤቶች እንዲህ በማማ አልጀመሩም። በ1662 የወጣው ሕግ ቀሳውስት ሁሉ የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን የጸሎት መጽሐፍ እንዲቀበሉ ሲያስገድድ፣ እምቢ ያሉት በየቤቱና በየጎተራው ተሸሽገው ተሰበሰቡ። በግልጽ እንዲያመልኩ የተፈቀደላቸው በ1689 ነው። በ1851 ቆጠራ ሲደረግ፣ በዌልስ ለአምልኮ ከወጡት ከአምስቱ አራቱ ገደማ የሄዱት ወደነዚህ ጸሎት ቤቶች ነበር።

እንዲህ ያለውን ቤት በትክክል የሚያውቀው ውስጡ የተቀመጠ ሰው ነው። ምሥራቅን የሚመለከት መንበር የለም። ዐይን ሁሉ የሚያርፈው ከፍ ብሎ በተሠራው የሰባኪ መድረክ ላይ ነው። ከሥሩ ዲያቆናቱ የሚቀመጡበት፣ ዌልሶች «ትልቁ መቀመጫ» የሚሉት ስፍራ አለ። ሰገነቱ ቢያንስ በሦስት ወገን ይዞራል። ድምፅ ማጉያ ባልነበረበት ዘመን ከሺህ በላይ ሰው አንድን ሰባኪ እንዲሰማ፣ ሩቁን ወንበር ማቅረብ ግድ ነበር። መዝሙር ሲነሳ ደግሞ ሌላ ነገር ይገለጣል፦ በግራና በቀኝ ሰገነት ያሉት ፊት ለፊት ይተያያሉ። ወፍራሙ ድምፅ ከወዲህ፣ ቀጭኑ ከወዲያ ሲመጣ መካከል ላይ ይገናኛሉ። እኔ ይህን ከማማው ሁሉ አስበልጠዋለሁ።

ስለነዚህ ቤቶች ዕጣ ለአሥርተ ዓመታት ያላባራው ክርክር የሚነሳውም ከዚሁ ነው። ምእመናን እየቀነሱ ሲሄዱ ብዙዎቹ ቤቶች ተዘጉ፤ አንዳንዱ ፈረሰ፣ አንዳንዱ መኖሪያ አፓርታማ ሆነ። በ1999 የተቋቋመው የዌልስ የአምልኮ ሕንፃዎች አደራ ማኅበር የተመረጡ ጥቂቶችን ተረክቦ ይጠብቃል። ለሌሎቹ ብዙ ጊዜ የሚተርፈው የፊት ግድግዳው ነው። አዳራሹ በሰገነቱ ልክ ወለል ተነጥፎበት ለሁለት ሲከፈል ግን ቤቱ ያኔውኑ ጠፍቷል፤ ከውጭ ያለው ድንጋይ ቢታጠብም ባይታጠብም ለውጥ የለውም።

ሌላ መንገድ መኖሩን የዌልሷ ከተማ ማኪንሌት አሳይታለች። እዚያ የነበረው የሜቶዲስቶች ጸሎት ቤት፣ እሱም ታበርናክል የሚባል፣ አዳራሹ ሳይቆራረጥ በ1986 የኪነ ጥበብ ማዕከል ሆኖ ተከፈተ። ለስብከት የታሰበው ድምፅ አስተላላፊነቱ ለሙዚቃም ተስማምቶ፣ የከተማዋ የሙዚቃ ፌስቲቫል እዚያው ይካሄዳል።