ሰው ስለ ምን የግል አውቶሞቢል ይመኛል?

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ በገባ ጊዜ፥ ነገሩ ለንጉሥ ብቻ የተገባ ድንቅ ሆኖ ይታይ ነበር። ዛሬ ግን ደመወዝተኛውም ነጋዴውም ከቤት ቀጥሎ የሚመኘው አውቶሞቢልን ነው።

ይህን ምኞት ትዕቢት ነው ብሎ ብቻ መንቀፍ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም። ባለ አውቶሞቢል በሠርግም በለቅሶም ከእግረኛው ይልቅ መከበሩ ምኞቱን እንደሚያነሣሣ የታወቀ ነው። ዋናው ምክንያት ግን የከተማው መስፋት ነው። የጋራ መኖሪያ ቤቶች በጀሞ፥ በየካ አባዶና በኮዬ ፈጬ ሲሠሩ፥ መሥሪያ ቤቱና ገበያው በአብዛኛው በመካከል ቀሩ። ስለዚህ ሠራተኛው ሳይነጋ ተነሥቶ ለታክሲ ይሰለፋል፤ ሲመሽም እናት ልጇን ይዛ በዝናም ትቆማለች። እንዲህ ያለ ሰው ተበድሮም ቢሆን አውቶሞቢል ቢገዛ፥ የገዛው ጌጥን ሳይሆን ጊዜውንና ዕረፍቱን ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሎ የኤሌክትሪኮቹን ፈቀደ። ይህ ለነዳጅ የሚወጣውን የውጭ ገንዘብ ያተርፋል፤ ጢሱንም ያርቃል። ሆኖም የኤሌክትሪኩ አውቶሞቢል የሚይዘው መንገድ ከነዳጁ አያንስምና የጎዳናውን መጨናነቅ አያቃልልም።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለ፥ ይህን ሸክም የሚያቀልለው ኅብረት ነው። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የከተማ ባቡርና አውቶቡሱን በሰዓቱ የሚደርስ ማድረግ፥ መሥሪያ ቤትንም ወደ ሕዝቡ ሰፈር ማቅረብ ይገባል። በመንግሥት አውቶሞቢል የሚያልፈው ሹም ሁሉ መጋረጃውን ገልጦ ሰልፉን ይመልከት፤ ሕዝቡ ስለ ምን አውቶሞቢል እንደሚመኝ ከዚያ ይረዳዋል።