ራሱን የሚጠራ ፈንክሽን ውስጥ ግሎባል ቫሪያብል ምን ያደርጋል?

አንድ ፎልደር ውስጥ ስንት ፋይል እንዳለ የሚቆጥር ፕሮግራም በፒኤችፒ መጻፍ ፈለጋችሁ እንበል። ፎልደር ውስጥ ሌላ ፎልደር ሊኖር ስለሚችል፣ ቀላሉ መንገድ ራሱን በራሱ የሚጠራ ፈንክሽን ነው፤ ሪከርሲቭ ይባላል። ፋይል ሲያገኝ ይቆጥራል፣ ፎልደር ሲያገኝ ደግሞ ለዚያ ፎልደር ራሱን እንደገና ይጠራል።

በፒኤችፒ ፈንክሽን ውስጥ የምንፈጥረው ቫሪያብል በተለምዶ ሎካል ነው። ፈንክሽኑ በተጠራ ቁጥር አዲስ ይፈጠራል፣ ጥሪው ሲያልቅ ይጠፋል። ስለዚህ የአንዱ ጥሪ ቫሪያብል ከሌላው ጋር ስሙ አንድ ቢሆንም አይነካካም። ፈንክሽኑ ውስጥ «ግሎባል» ብላችሁ ካወጃችሁት ግን ሁሉም ጥሪዎች የሚጠቀሙት ያንኑ አንድ ቫሪያብል ነው። አንዱ የቀየረውን ሌላው ተቀይሮ ያገኘዋል።

ይሄ ምን ችግር አለው? በምሳሌ እንየው። ዋናው ፎልደር ውስጥ በተራ አንድ ፋይል፣ አንድ ንዑስ ፎልደር፣ ከዚያ ሌላ ፋይል አለ። ንዑስ ፎልደሩ 3 ፋይሎች ይዟል። በጠቅላላው 5 ፋይል ማለት ነው። አሁን ሉፑ ስንተኛው ላይ እንደደረሰ የሚይዘውን ቫሪያብል ግሎባል እናድርገው፤ «ተራ» እንበለው።

«ተራ» 0 ሲሆን የመጀመሪያው ፋይል ይቆጠራል። 1 ሲሆን ንዑስ ፎልደሩ ላይ እንደርሳለን፤ ፈንክሽኑ ራሱን ይጠራል። የውስጠኛው ጥሪ ያንኑ «ተራ» ወደ 0 ይመልስና ሦስቱን ፋይሎች ቆጥሮ 3 ላይ ይተወዋል። የውጪው ጥሪ ሥራውን ሲቀጥል 1 ላይ የተወው «ተራ» 3 ሆኖ ይጠብቀዋል። ፎልደሩ ውስጥ ያለው ሦስት ነገር ብቻ ስለሆነ «ጨርሻለሁ» ብሎ ያቆማል። የመጨረሻው ፋይል ሳይቆጠር ቀረ፤ መልሱ 4 ሆነ። ፒኤችፒም ምንም የስህተት መልእክት አያሳያችሁም።

ንዑስ ፎልደሩ ባዶ ቢሆንስ? ያኔማ ይብሳል። የውስጠኛው ጥሪ «ተራ»ን 0 ላይ ትቶት ይመለሳል፣ የውጪው 1 ይጨምርበትና እንደገና እዚያው ባዶ ፎልደር ላይ ይደርሳል። ይሄ ማለቂያ የለውም።

እሺ፣ «ተራ» ሎካል ይሁን። ድምሩስ? ድምሩን ሁሉም ጥሪዎች በጋራ ስለሚያሳድጉት፣ ግሎባል ቢሆንም የመጀመሪያው ቆጠራ ትክክለኛውን 5 ይሰጣል። ግን እዚያው ፕሮግራም ውስጥ ድምሩን ወደ 0 ሳትመልሱ ሁለተኛ ጊዜ ብትቆጥሩ፣ ከ5 ይቀጥልና 10 ይላችኋል።

የሚሻለው እያንዳንዱ ጥሪ የራሱን ድምር በሎካል ቫሪያብል ይዞ፣ ሲጨርስ በሪተርን ለጠራው መመለሱ ነው። የጠራው ደግሞ የተቀበለውን በራሱ ድምር ላይ ይጨምራል። እንዲህ ከሆነ አሥር ጊዜ ብትቆጥሩም መልሱ 5 ነው።