የነዳጅ ቱቦና የኮኪት መንገድ

ከጎንደር ተነሥቶ በአዘዞ፣ በአይከልና በነጋዴ ባሕር በኩል ወደ ገንዳ ውሃ የሚወርድ መኪና ኮኪትን አልፎ መተማ ዮሐንስ እስኪደርስ ድረስ የሚጓዘው መንገድ 200 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። በዚህች አጭር ጉዞ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ደጋ ተነሥቶ፣ ከፍታው 700 ሜትር ገደማ ወደሆነው ቆላ ይወርዳል። መንገደኛው ጋቢውን አውልቆ ላቡን መጥረግ ሲጀምር፣ ከመኪናው ወለል በታች በቤንዚኑ መሥመር ላይ የሚደርሰውን ነገር የሚያስታውስ ሰው እምብዛም የለም። ዛሬ ለአስመጪዎችና ለባለ መደብሮች ልናቀርበው ያሰብነው ጉዳይ ይኸው ነው።

ነገሩን ያስነሣው ባለፈው የሰሊጥ ወቅት ይህ ጸሐፊ በዓይኑ ያየው አንድ አጋጣሚ ነው። አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ከእርሻ ወደ ገበያ ፈጥኖ ለመመላለስ ሲሉ፣ ባለ ካርቡራቶሩን አሮጌ የቶዮታ ፒክ አፓቸውን ሞተር አስወጥተው፣ ቤንዚን በመርፌ የሚረጭና ቱርቦ ያለው ብርቱ ሞተር አስገቡበት። ለሞተሩ የሚስማማ ብርቱ የኤሌክትሪክ ፖምፓም ገዙለት። ወጪው ቀላል አልነበረም። ከማጠራቀሚያው እስከ ሞተሩ የሚደርሰው መሥመር ግን እንደነበረ ቀረ፤ የተቆረጠው ቦታ ብቻ ከመደብር በተገዛ የጎማ ቱቦ ተቀጠለ። መኪናው ከጎንደር ወርዶ ኮኪት አጠገብ ሲደርስ ሞተሩ ማነቅ ጀመረ፤ ወዲያውም ብርቱ የቤንዚን ሽታ መጣ። በዛፍ ጥላ ሥር የሚሠራ አንድ መካኒክ ተጠርቶ ከሥር ገብቶ ቢያይ፣ ቱቦው በፋሸታው አጠገብ ተሰንጥቆ፣ ቤንዚኑ ከጭስ ማውጫው አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

እሳት አልተነሣም። መካኒኩ አስቀድሞ የባትሪውን ገመድ ፈትቶ፣ የተሰበሰበውን ሰው ሲጋራውን ይዞ እንዲርቅ አደረገ፤ ይህም ሥራውን የሚያውቅ ሰው መሆኑን አስመሰከረለት። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ይልቅ ስለሚከብድ በመሬት ላይ እየተንፏቀቀ በጉድጓድና በቦይ ይከማቻል፤ ቤንዚንም ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል እንፋሎት ይሰጣል። በቆላ ቀትር ላይ ያለው አደጋ ምን ያህል እንደሆነ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

ቱቦው ተቆርጦ ከወጣ በኋላ እየተገላበጠ ታየ። አንድም ጽሑፍ አልነበረበትም፤ የሠሪው ስም፣ ዓይነቱ፣ የተሠራበት ዘመን፣ አንዱም አልተጻፈም። ባለ መኪናው «የቤንዚን ነው ብለው ነው የሸጡልኝ» አሉ። ባለ መደብሩም ሐሰት አልተናገረም፤ ከጅምላ ሻጭ የተቀበለው እንዲሁ ተብሎ ነው። ጅምላ ሻጩም ከአስመጪ። አስመጪው ለውጭው ፋብሪካ በላከው የትእዛዝ ወረቀት ላይ የነበረው ቃል «ጥቁር የጎማ ቱቦ፣ ውስጡ 8 ሚሊ ሜትር» የሚል ብቻ ነበር። ፋብሪካው የታዘዘውን ልኳል። ለውሃ፣ ለአየር ወይም ለሌላ ሥራ የሚሆን 8 ሚሊ ሜትር ቱቦ ስንት ዓይነት እንደሆነ የሚነግረው ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ስለ ሥራው ጠባይ ጥቂት እንበል። ካርቡራቶር ያለው ሞተር የሚፈልገው የቤንዚን ግፊት እጅግ ትንሽ ነው፤ ከ0.2 እስከ 0.5 ባር ያህል ይበቃዋል። ቤንዚን በመርፌ የሚረጨው ሞተር ግን በተለምዶ 3 ባር ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ ሞተር በተለወጠ ጊዜ አሮጌው ቱቦ ከለመደው ግፊት አሥር እጥፍ ያህል ይጫነዋል። የአሜሪካ የመኪና መሐንዲሶች ማኅበር ለነዳጅ ቱቦዎች ያወጣው ደረጃ «ጄ 30» ይባላል። በዚህ ደረጃ ውስጥ «አር 6» እና «አር 7» የሚባሉት ለዝቅተኛ ግፊት፣ ማለትም ለካርቡራቶርና ለመመለሻ መሥመር የሚሆኑ ናቸው። «አር 9» የሚባለው ለመርፌ ሞተር የተሠራ ሲሆን፣ ውስጡ ቤንዚንና አልኮልን በሚቋቋም ልዩ ጎማ የተለበጠ ነው። በማጠራቀሚያው ውስጥ፣ በቤንዚኑ ተዘፍቆ ለሚኖር ቱቦ ደግሞ «አር 10» የተባለ ሌላ ዓይነት አለ። ሌላው ቱቦ ከውስጥ ቢቋቋም፣ የውጭ ልብሱ በቤንዚን ተነክሮ እንዲኖር ስላልተሠራ ቀስ በቀስ ያብጥና ይፈራርሳል። ኮኪት ላይ የተቆረጠው ቱቦ ግን ከእነዚህ ከአንዱም ወገን አልነበረም።

የአልኮሉን ነገር ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የተገኘ ኤታኖል እ.ኤ.አ. በ2008 በአዲስ አበባ ለገበያ በሚቀርበው ቤንዚን ውስጥ 5 ከመቶ ያህል መቀላቀል ጀምሮ ነበር፤ ኋላም መጠኑ ወደ 10 ከመቶ ከፍ ብሏል። ኤታኖል ለሞተሩ መልካም ጠባይ ቢኖረውም የድሮውን ጎማና ቡሽ ያለሰልሳል፤ ከአየርም እርጥበት ይስባል። እንዲህ ያለውን ድብልቅ የሚችል ቱቦ ያከማቸ ነጋዴ፣ ነዳጁ በማናቸውም ጊዜ ቢለዋወጥ ዕቃው አይወድቅበትም።

ቆላው ስለሚያደርገው ነገር ደግሞ የሚከተለውን መረዳት ይገባል። የቆላ አየር ከደጋው ይልቅ ወፍራም ነው። ሙቀቱ ከፊሉን መልሶ ቢወስደውም ሞተሩ ወደ መተማ በቀረበ መጠን ብዙ አየር ይስባል፤ ስለዚህ ብዙ ቤንዚን ይጠይቃል። በጎንደር አየር ልክ ካርቡራቶሩ የተስተካከለለት መኪና ቆላ ሲወርድ ቤንዚን የሚያንሰው ስለዚህ ነው። መሥመሩ ብዙ እንዲያሳልፍ በሚጠየቅበት በዚያው ሰዓት ቤንዚኑ በሙቀት ሊተን ይቃረባል። በድሮው አሠራር ፖምፓው ከሞተሩ ጎን ተቀምጦ ቤንዚኑን ከኋላ ይስበዋል። በሚሳብ መሥመር ውስጥ ግፊቱ ስለሚቀንስ ቤንዚኑ ቀድሞ ይፈላል፤ ፖምፓውም እንፋሎት እንጂ ፈሳሽ አያገኝም። ሾፌሩ «አየር ገብቶበታል» ይላል። ከውጭ የገባ አየር ግን የለም፤ የቤንዚኑ የራሱ እንፋሎት ነው። መድኃኒቱ የኤሌክትሪክ ፖምፓውን በማጠራቀሚያው አጠገብ ወይም በውስጡ፣ በተቻለ መጠን ዝቅ አድርጎ መትከል ነው፤ ፖምፓ መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንለትም።

በእኛ ገበያ «ትልቅ ፖምፓ» የሚለው ቃል ብቻውን ዕቃ ይሸጣል። ይህ ግን ገዢውንም ሻጩንም ያስታል። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ብርቱ የቤንዚን ሞተር በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት በሰዓት 0.27 ኪሎ ግራም ገደማ ቤንዚን ይፈጃል እንበል። ለ300 የፈረስ ጉልበት 81 ኪሎ ግራም ይሆናል። የአንድ ሊትር ቤንዚን ክብደት 0.74 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ ይህ ወደ 110 ሊትር ይጠጋል። ለመጠባበቂያ አንድ አምስተኛ ቢጨመርበት 131 ሊትር ይበቃል። በገበያ በብዛት የሚፈለገው ግን በሰዓት 255 ሊትር የሚገፋው ፖምፓ ነው። ትርፉ ወዴት ይሄዳል? በመመለሻው መሥመር ወደ ማጠራቀሚያው መመለስ አለበት። መመለሻው ለካርቡራቶር ዘመን የተዘረጋ ቀጭን ቧንቧ ከሆነ ግን ትርፉን ማሳለፍ አይችልም፤ የግፊት መቆጣጠሪያው ምንም ያህል ቢከፈት ግፊቱ ከመጠን በላይ ይወጣል። ያ ግፊት መውጫ ሲያጣ ደካማውን ቱቦ ይፈልጋል። የሰሊጡ ነጋዴ መኪና ላይ የሆነው ይኸው ነበር። መካኒኩ ይህን ያወቀው በወረቀት ሒሳብ አይደለም፤ የመመለሻውን ጫፍ ነቅሎ በጀሪካን ውስጥ ከትቶ ፖምፓውን ጥቂት ጊዜ ካስነሣው በኋላ «ይቺ ቀጭን ጉሮሮ ናት» አለ።

ፖምፓ ሲሸጥ አብሮ መሸጥ ያለበት ገመድና ማብሪያ ሬሌ መሆኑንም ባለ መደብር አይርሳ። በቀጭን አሮጌ ገመድ የተሠራ ፖምፓ የሚደርሰው የኤሌክትሪክ ኃይል ያንሳል፤ የሚገፋውም ቤንዚን በዚያው መጠን ይቀንሳል። ከዚህም ሌላ መኪናው ቢጋጭ ወይም ሞተሩ ቢጠፋ ፖምፓውን ወዲያው የሚያቆም መቁረጫ ያስፈልጋል። ይህ በዋጋ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ብዙ ሰው የሚተወውም ስለዚሁ ነው።

ስለ መገጣጠሚያዎች አንድ ነገር እንጨምር፤ በመልስ የሚመጣው ዕቃ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነውና። «ኤ.ኤን.» የሚባሉት መገጣጠሚያዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የአሜሪካ ጦር ሠራዊትና ባሕር ኃይል ከደነገጉት መለኪያ የተወረሱ ናቸው። ቁጥራቸው የቧንቧው የውጭ ስፋት የኢንች አሥራ ስድስተኛ ነው፤ 6 ቁጥር ማለት 6 አሥራ ስድስተኛ፣ ይኸውም ሦስት ስምንተኛ ኢንች ነው። አፋቸው በ37 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። ለሌላ ሥራ የሚመጡ የናስ መገጣጠሚያዎች ደግሞ በ45 ዲግሪ ያዘነበሉ አሉ። ሁለቱ በእጅ ሲያዙ ይመሳሰላሉ፤ አንዳንዶቹም እርስ በርስ ይገባሉ፤ ነገር ግን አፍ ለአፍ ስለማይገጥሙ ያፈሳሉ። መካኒኩም እንዳያፈስ ብሎ ነጭ ቴፕ ይጠመጥምበታል፤ ቴፑ ተበጣጥሶ ወደ መርፌዎቹ ይገባና ይደፍናቸዋል። ባለ ግማሽ ኢንቹ የአሜሪካ ሾጣጣ ጥርስና የእንግሊዙም እንዲሁ ናቸው፤ ሁለቱም በአንድ ኢንች 14 ጥርስ ስላላቸው ይጀምራሉ፣ የጥርሳቸው ማዕዘን ግን ይለያያል። እነዚህን በአንድ ሳጥን ቀላቅሎ ማስቀመጥ ከደንበኛ ጋር ጠብ መግዛት ነው።

ፋሸታም እንዲሁ። ጥርስ ያለው ተራ ፋሸታ ሲጠብቅ ጎማውን ይቆርጣል፤ ለከፍተኛ ግፊት ጠርዙ የታጠፈ፣ ዙሪያውን እኩል የሚይዝ ዓይነት አለ። በኮኪቱ መኪና ላይ ስንጥቁ የጀመረው ከፋሸታው ጥርስ ሥር ነበር። ከፖምፓው በፊት ጥልቅ ያልሆነ፣ 100 ማይክሮን ያህል የሚያጠል ፊልትሮ፣ ከፖምፓው በኋላ 10 ማይክሮን ያህል የሚያጠል ረቂቅ ፊልትሮ መግባት አለበት። ረቂቁን ከፊት ያደረገ ሰው ፖምፓውን ያንቀዋል። ቤንዚን በበርሜልና በጀሪካን በሚገለበጥበት አገር የፊልትሮ ንግድ የማይሞት ንግድ ነው።

ይህ ሁሉ ለነጋዴው ለምን ይጠቅማል ቢባል፣ ገበያው ወዴት እንደሚሄድ መመልከት ይበቃል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተገልጿል። በመሆኑም በእጅ ያለው የቤንዚን መኪና ረዘም ላለ ጊዜ መሥራት ይኖርበታል፤ ሞተሩ ይታደሳል፣ ይለወጣል፣ ይበረታል። በዚያ ላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በስሕተት የመጣ አንድ ካርቶን ዕቃ የሚያስከፍለው ብር ከቀድሞው እጅግ የበለጠ ነው። በመተማ በኩል ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወሰኑ ዓመታት የሱዳን ቤንዚን ይገባ ነበር፤ ዕቃም ሰውም ይመላለስ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን ከዚያ ወገን ተሻግሮ የሚመጣን መለዋወጫ ተስፋ አድርጎ መደብር መክፈት አስቸጋሪ ሆኗል።

ስለዚህ በትእዛዝ ወረቀት ላይ የቱቦው ደረጃ፣ የውስጥ ስፋቱ፣ የሚችለው ግፊት፣ እንዲሁም በየቱቦው ርዝመት ላይ የሠሪው ስም፣ ደረጃውና የተሠራበት ዘመን ታትሞ እንዲመጣ መጠየቅ ይገባል። ናሙና ሳያዩ ሙሉ ትእዛዝ ማዘዝ አይመከርም። ባለ መደብሩም ቱቦውን በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር በምስማር አንጠልጥሎ ፀሐይ አያስመታው፤ ጎማ በሙቀትና በብርሃን ሳይሸጥ ያረጃል። በጥላ፣ በካርቶኑ እንዳለ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ አድርጎ ያስቀምጠው። የውሃውንና የቤንዚኑን ቱቦ በአንድ መደርደሪያ አያኑር። ደንበኛ ሲመጣ «ስንት ሚሊ ሜትር?» ከማለቱ በፊት «ለምን ሥራ ነው?» ብሎ ይጠይቅ።

የሰሊጡ ነጋዴ መኪና በማግሥቱ ተጎትቶ ወደ ጎንደር ወጣ። መመለሻው ወፍራም ሆኖ ተዘረጋ፤ መሥመሩ ከጭስ ማውጫው ርቆ በሌላው ጎን አለፈ፤ ቱቦውም ጽሑፍ ያለበት ሆነ። ለዚህ የወጣው ገንዘብ ከፖምፓው ዋጋ ያነሰ ነበር። ነጋዴው ከሁለት ሳምንት በኋላ በኮኪት ሲያልፉ ለመካኒኩ አንድ ጥቅልል ያንኑ ቱቦ ይዘውለት መጡ፤ መካኒኩም በዛፉ ላይ ሳይሆን በሣጥኑ ውስጥ አስቀመጠው።