ስም የሌለው ዱቄት

ከማታ ተራ አሁን መውጣቴ ነው። ሳልተኛ ልጻፈው።

ሌሊት አንዲት እናት በላብ ተጠምቀው፣ ራሳቸውን ስተው ድንገተኛ ክፍል ገቡ። ስኳራቸው ሲለካ በጣም ወርዶ 34 ሆነ። ግሉኮስ በደም ሥር ሲሰጣቸው ነቁ። ስኳር የሚያወርደውን ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ የቆዩ የስኳር ታማሚ ናቸው። «እማማ፣ ከዚህ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ?» ብላቸው «ኧረ ምንም የለም ልጄ» አሉኝ። ልጃቸው ግን ከቦርሳዋ አንድ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣች። ውስጡ ቡናማ ዱቄት ነው፣ ከቴሌግራም የተገዛ። ላዩ ላይ የቅጠል ሥዕልና «100% ተፈጥሯዊ፣ የጎንዮሽ ጉዳት የሌለው፣ ስኳርን ከሥሩ የሚነቅል» የሚል ጽሑፍ አለ። ጠዋትና ማታ አንድ አንድ የሾርባ ማንኪያ ይወስዱ ነበር። በዚያ ላይ ጾም ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም።

በየጊዜው በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝን በተራ ልመልስ።

1. «ፋርማሲስት ስለሆንክ የባህል መድኃኒት ትጠላለህ» ለምትሉ። አልጠላም። የእኔ ሙያ ከዕፅ የተወለደ ነው። ዛሬ ሚሊዮኖች ለስኳር የሚውጡት ሜትፎርሚን መነሻው ጋሌጋ የሚባል የአውሮፓ ተክል ነው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ ጥንታዊ የሕክምና መጽሐፍ አገላብጣ፣ ሙቀት መድኃኒቱን እንደሚያጠፋው ገምታ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ከአርቴሚሲያ ተክል ያወጣችው አርቴሚሲኒን የስንት ወባ ታማሚ ሕይወት አትርፏል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አግኝታበታለች። የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣ የሚያዛምተውን ቢልሃርዚያ ለመከላከል እንዶድን ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ከዚያ ተነስቶ ነው። እነዚህ ሰዎች ቅጠሉን ናቁት? አልናቁትም። ውስጡ ምን እንዳለና ምን ያህሉ እንደሚያድን፣ ምን ያህሉ እንደሚገድል ለማወቅ ዓመታት ደከሙ።

2. «ተፈጥሯዊ ስለሆነ አይጎዳም» ለምትሉ። መርዛማው አስተናግርም ከመሬት ነው የሚበቅለው። ኮሶ የአባቶቻችን የትል መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ሲያልፍ ግን የዓይን ነርቭ ጎድቶ ብርሃን ያሳጣቸው ሰዎች በሕክምና መጽሔት ተመዝግበዋል። ትግራይ፣ ታሕታይ ቆራሮ ውስጥ ሰው ሆዱ እየተነፋ በጉበት በሽታ ሲያልቅ ምክንያቱ ሲጠና ከእህሉ ጋር የተቀላቀለ የአረም ዘር ተገኘ። የጨመረበት ሰው የለም፤ ማሳው ውስጥ አብሮ የበቀለ ነው።

3. አሁን ወደ ዱቄቱ። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው።

ዕቃውን አገላብጬ አየሁት። የዕፁ ስም የለም። ስንት ዓይነት ዕፅ እንደተቀላቀለ የለም። የተፈጨበት ቀን፣ የሚያበቃበት ቀን፣ ማን እንዳዘጋጀው፣ የለም። አብሽ ነው? አብሽ ስኳር ያወርዳል፣ እናውቃለን። ሽፈራው ነው? እሱም ሊያወርድ ይችላል። ከግሊቤንክላማይድ ጋር ሲደመር ባዶ ሆድ ላይ ምን እንደሚሆን ማንኛውም የሦስተኛ ዓመት የፋርማሲ ተማሪ ይነግራችኋል። ግን አብሽ መሆኑን እንኳ አላውቅም! ሐኪሙ «ምን ወስደዋል?» ሲለኝ የምመልስለት የለኝም።

ከዚህ የባሰም አለ። ሲንጋፖር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2008 ከመቶ በላይ ሰዎች ስኳራቸው እየወረደ ሆስፒታል ገቡ፤ አብዛኞቹ የስኳር ታማሚ እንኳ አልነበሩም። ቢያንስ አራቱ ሞቱ። የወሰዱት ለወንድ ኃይል ይሆናል ተብሎ የተሸጠላቸው ነገር ነበር፤ ከፊሉም ዕፅ ነው የተባለ። ሲመረመር ግሊቤንክላማይድ ተገኘበት፤ እኔ በመስኮት የማድለው ያው ክኒን! «ዕፅ ነው» ተብሎ በሚሸጥ ዱቄት ውስጥ ዴክሳሜታዞን ፈጭቶ መጨመርም በዓለም ላይ የታወቀ ማጭበርበር ነው። ሕመምተኛው ሁለት ቀን ይበረታል፣ ይበላል፣ «አዳነኝ» ይላል፣ ለጎረቤቱ ይናገራል። ስኳሩና ግፊቱ የሚወጣው በኋላ ነው። የእኚህ እናት ዱቄት ውስጥ ይህ አለ አልልም። የለም ብሎ የሚምልም ግን አላገኘሁም፤ ስም የሌለው ነገር የሚያናድደኝ ለዚህ ነው።

የቀበሌያችሁ መድኃኒት አዋቂ ቢያንስ ቅጠሉን ከነሥሩ ያውቀዋል። ነፍሰ ጡር ናት ወይ፣ አቅሙ ደካማ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል፤ ለማን እንደማይሰጥ ከአባቱ ተምሯል። ስልክ ቁጥር ለጥፎ «በሞተር እናደርሳለን» የሚለው ሰው ምን ጠየቃችሁ? አድራሻችሁን ብቻ።

4. እማማ ለምን «ምንም የለም» እንዳሉኝ ልጃቸው ነግራኛለች። ባለፈው አንድ ጤና ተቋም ሄደው ጤና አዳም እጠጣለሁ ቢሉ ሐኪሙ በሰው ፊት ጮኸባቸው። ከዚያ ወዲህ ይደብቃሉ። በየካርዱ ሲጋራ፣ መጠጥ፣ ጫት ብለን እንጠይቃለን፤ ከዕፅ ምን ይወስዳሉ የሚል አንድ መስመር የለም። ብዙ ታካሚ እንደሚጠቀም እያወቅን! እኔ ራሴ ታካሚ የማናግረው በመስታወት ላይ በተከፈተች ቀዳዳ ነው፤ እናቶች ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ይሰጡኛል፣ ከኋላ ሰልፉ ይገፋል። ይህ ምክር ነው? ፋርማሲ ውስጥ አንድ ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ ቢገኝ ቤቱ ይታሸጋል፤ ልክ ነው፣ ይታሸግ። ስም የሌለው ዱቄት ግን በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሲሠራለት፣ ጣቢያውም ገንዘቡን ሲቀበል አይተናል።

ዱቄት ገዝታችሁ እየወሰዳችሁ ያላችሁ የስኳር ታማሚዎች፦ ዱቄቱን አቁሙ፣ የታዘዘላችሁን መድኃኒት ግን በራሳችሁ አታቁሙ። ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ብዥታ ከመጣ መዋጥ ለሚችል ሰው ወዲያው ስኳር ያለው ነገር ስጡት፣ ራሱን ከሳተ ግን አፉ ውስጥ ምንም አትጨምሩ፤ ወደ ሆስፒታል። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ነቃ ብላችሁ ወዲያው ወደ ቤት አትመልሱት፣ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ሊወርድ ይችላልና ማደር አለበት። ዱቄቱንም ከነዕቃው ይዛችሁ ኑ። የሚጮህባችሁ ካለ እኔ ጋ በመስኮቱ ኑ።